ሁለት ሴንቲ ተኩል

«ያ መኪና ተገልብጦ ያውቃል!» ይል ነበር ጎሚስታው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ይላል፤ ጎማ ሲነፋ ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው ይላል። «ገደል ገብቶ ነው የወጣው። ሻንሲው፣ ያ የብረት አጽሙ፣ ተጣሟል!»

ማን እንደነገረው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው። «ሰው ነዋ!»

የመካኒኳ ጋራዥና የጎሚስታው ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። መካኒኳ ሙያውን ማንም አላስተማራትም፤ የተጣሉ ሞተሮችን እየፈታችና መልሳ እየገጠመች ነው የለመደችው። ኩራቷም ምላሷም እዚያው አብረው አደጉ። ወሬ የምታምን ሴት አልነበረችም። ይህን ወሬ ግን አመነችው፤ ተስማማታ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሬት ቀያሹ መኪናውን ከታላቅ ወንድሙ ገዛና «ለጭቃም ለድንጋይም እንዲሆነኝ ከፍ አድርጊልኝ» ብሎ አመጣላት። የኋላ ባሌስትራዎቹን፣ ጭነት ተሸካሚ ድርብርብ ብረቶቹን፣ አውልቃ ወፋፍራም ገጠመችለት፤ ትልልቅ ጎማም አስገባች። መኪናው ደረቱን ነፍቶ ወጣ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«መሪውን ቀጥ አድርጌ ስይዘው ወደ ግራ ይጎትተኛል» አለ ቀያሹ። «ከኋላዬ ሲነዳ የነበረ ጓደኛዬማ፣ በጎንህ ነው የምትሄደው አለኝ።»

የፊት ጎማዎቹን አላይመንት አሠራች። ተመለሰ። ደግማ አሠራች። ደግሞ ተመለሰ! የኋላ ጎማዎቹ ባንድ ጠርዝ ብቻ መበላት ጀምረዋል። በሦስተኛው ምላሷ አመለጣት።

«ስማኝ፣ ይሄ መኪና ተገልብጧል። ሻንሲው ጠማማ ነው። የሸጠልህ ሰው ዋሽቶሃል።»

«የሸጠልኝ ወንድሜ ነው።»

«እንግዲያው ወንድምህ ዋሽቶሃል!»

ቀያሹ ፊቱ ተለዋወጠ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሁለት ወር ጠፋ። መካኒኳ አልጠበቀችውም። ጋራዡ በር ላይ ቆማ የምትውለው ብርሃን ፈልጋ ነው። ከፍ ያለ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና የምትለውም አንገቷን ስለሚያማት ነው። እንዲህ ነበር ለራሷ የምትነግረው።

አንድ ሐሙስ ቀያሹ ከነመኪናው ከተፍ አለ። ከስቷል። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።

«ለክተሽው ነው?»

«ምኑን?»

«ሻንሲውን! ጠማማ ነው ስትይኝ ለክተሽ ነው?»

«በዓይኔ አይቼ...»

«እኔ በዓይኔ እያየሁ ድንበር ባስቀምጥ ኖሮ ጎረቤት ከጎረቤት በተላለቀ!»

«ኤጭ! ታዲያ ለካዋ! ሜትር አታጣ፣ ቱንቢ አታጣ!»

«መኪናው ውስጥ ናቸው። ነይ ያዢልኝ።»

ያዘችለት። ከሻንሲው ቀዳዳዎች ቱንቢ እያወረዱ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ሰያፍ ለሰያፍ ለኩ። እሱ ባንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ በርከክ ብለዋል።

«ወጥሪው።»

«ወጥሬዋለሁ!»

«ትንሽ ወደ አንቺ...»

«አትዘዘኝ!» አለች። ወደ ራሷ ግን ሳበችው። እሱ ቁጥሩን ሲያነብ ከንፈሩን ነከስ ያደርጋል። ያን ማየት አልነበረባትም፤ አየችው።

ሰያፎቹ አንድ ሚሊ አይበላለጡም። ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። ቀጥለው ከሻንሲው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እስከሚያገናኘው አክስል ድረስ ለኩ። የቀኙ ከግራው በሁለት ሴንቲ ተኩል ይረዝማል። አክስሉ ሰያፍ ቆሟል ማለት ነው።

መካኒኳ ከስር ገባች። ይህን ባሌስትራ ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ቡሎን ትክክል መሃሉ ላይ አይደለም፤ የባሌስትራው አንዱ ክንድ ያጥራል፤ አጭሩ ወደ ፊት መሆን አለበት። በግራ በኩል አጭሩ ፊት ነው። በቀኝ በኩል አጭሩ ኋላ ነው። አዙሮ የገጠመው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ እሷው ናት!

እዚያው በጀርባዋ እንደተኛች ቡሎኑን ዳሰሰች። አዙራ ብትመልሰውና «አስተካከልኩት» ብትል የሚያውቅባት ሰው የለም። ስሟም አይነካም ነበር። እሱም ያመሰግናት ነበር። ይህ ሁሉ በጭንቅላቷ አለፈ። ከዚያ ተሳበችና ወጣች።

«ሻንሲው ደህና ነው። ባሌስትራውን አዙሬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ወንድምህ አልዋሸህም።»

ቀያሹ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ወር ሙሉ...» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ ወንድሜን አላናገርኩትም። ልጅ ሲወለድለት እንኳን አልሄድኩም። እንደ ዳኛ እኮ ነው የፈረድሽበት!»

«ፈርጃለሁ። ተሳስቻለሁ።»

«መኪናውን ነገ እወስዳለሁ» ብሎ በእግሩ ወጣ።

ማታውኑ ባሌስትራውን አዙራ በትክክል ገጠመችው፤ ዓርብ ጠዋት ሳያያት መኪናውን ወሰደ። ቅዳሜ መካኒኳ ከመኪናው ሊብሬ ላይ የገለበጠችውን የወንድሙን አድራሻ ይዛ ቤቱን አፈላልጋ በሩን አንኳኳች። ወንድምየው ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ከፈተ።

«መካኒኳ እኔ ነኝ» አለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ። «ሳልለካ ውሸታም ያልኩዎት እኔ ነኝ። ወንድምዎ የተቀየመዎት በእኔ ጥፋት ነው...»

«እህቴ፣ እኔ እኮ...»

«ልጨርስ! ደግ ሰው ነው። ድንበር ሲለካ እንኳን ለአንዱ አያዳላም። እሱን ታረቁትና እኔን ጥሉኝ። እኔ... እኔ እችለዋለሁ።»

በመንተባተቧ በራሷ ተናደደች። ወንድምየው ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረና «እሺ እህቴ፣ ሰምቻለሁ» ብቻ አላት። ሻይ ቢላት እምቢ ብላ ሄደች።

ሰኞ ቀያሹ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

«ወንድሜ ቤት ሄደሽ ነበር?»

«ሄጃለሁ። ምን ይጠበስ?»

ቀያሹ ከመኪናው ጀሪካን አወረደ። መሬቱ ላይ ውኃ ደፍቶ መኪናውን በላዩ ነዳው፤ ወርዶም ዱካውን አሳያት። የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ ረግጦ አልፏል።

«አየሽ?»

«የሠራሁትን ለእኔው ታሳየኛለህ?»

«ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለመምጣት ምክንያት አጣሁ።»

«ምክንያት ካልያዝክ እግርህ አይራመድም?»

«ልምጣ ታዲያ?»

«ኡፍ! ሁሉንም ነገር ካልተነገረህ... ና እንጂ!»

መጣ። በነጋታው መጣ፤ በሠልስቱም መጣ። በዓመቱ ተጋቡ።

ከሠርጉ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ቤት ከሚስቱ ጋር የሕፃኑን ልብስ እያጠፉ ሳለ ሴትየዋ ሳቅ አፈናት።

«ምነው?» አለች መካኒኳ።

«ያን ቅዳሜ በር ላይ ስትለፈልፊ ትዝ ብሎኝ ነው። ወንድማማቾቹ እኮ ሐሙስ ማታውኑ በስልክ ታርቀዋል። ባልሽ ሕፃኑን ሊያይ መጥቶ እዚህ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይሰማሽ ነበር።»