ለሁለት አስማተኛ የማይበቃው ጠረጴዛ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጠላሁት። ዛሬም ቢሆን የጠላሁበት ምክንያት ትክክል ነበር ባይ ነኝ።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሁድ ከሰዓት ሱቁን ለደንበኛ ዘግቶ ከመስታወቶቹ ፊት ጠረጴዛ ይዘረጋና ከጓደኞቹ ጋር እንጫወታለን። ጨዋታው በወሬ የሚካሄድ ነው። ወንድሜ ታሪኩን ይመራል፤ እኛ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ሐኪም ሆነን የምናደርገውን እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ የምንወረውረው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስናል።

እኔ አስማተኛ ነበርኩ። አስማት ብዙ ዘርፍ አለው፤ እሳት፣ መከላከያ፣ ማጋለጫ፣ ሌላም ሌላም። አንዱን ብቻ የመረጠ በእሱ ይበረታል፤ በምትኩ ሁለት ዘርፎች እስከ መጨረሻው ይዘጉበታል። እኔ ዓይን ማታለልን፣ የሌለውን እንዳለ ማሳየትን መርጬ፣ እሳትና መከላከያን ዘግቼ፣ አንድም ቀን ሳልሞት ዓመታት ኖሬያለሁ።

ሰውየው የመጣው የወንድሜን የፀጉር መቁረጫ ማሽን ጠግኖ ሊመልስ ነው። ማሽኑን አስቀምጦ በመሄድ ፈንታ አስማቶቼን የጻፍኩበትን ወረቀት በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና፣

«ይቺ አስማተኛ መከላከያ የላትም እንዴ? አንድ ቀን ጉድ ትሆናለች» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ግን አስማተኛ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መያዝ አለበት።»

«ትንሽ ትንሽ የያዘውን ይዞ የት ይደርሳል?»

ወንድሜ ሳቀና ወንበር ሳበለት። በዚያች ሰዓት ወንድሜን በራሱ ምላጭ ብላጨው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰውየው እንዳለውም ሁሉን ነካ ነካ የሚያደርግ አስማተኛ ይዞ ገባ። ወንድሜ «ሁለገብ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙ ለሥራውም ይሆናል። ጥገና ቤቱ ውስጥ ራዲዮ፣ ካውያ፣ ማራገቢያ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ያልፈታው ነገር የለም። እኔ መነጽር ቤት ሌንስ እቆርጣለሁ። ሌንስ ብቻ። ፍሬሙን እንኳ አልነካም።

ፊቱን ላለማየት ጀርባውን ወደሚሰጠኝ ወንበር እንዲዛወር አስደረግኩ። ተዛወረ፤ በመስታወቱ ውስጥ ግን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የምንጣላው በመስታወት ነው። እኔ ሳፈጥበት እሱም ያፈጥብኛል፤ ዓይኔን መጀመሪያ ላለመስበር ስል ዳይሱን ሳላይ የወረወርኩበት ጊዜ አለ።

አንድ እሁድ ነገሩ ከረረ።

«አንድ ዘርፍ ይዤ እስከ ዛሬ አልሞትኩም!» አልኩት።

«ጎበዝ ስለሆንሽ መሰለሽ? ወንድምሽ ስለሚሳሳልሽ ነው እኮ!»

ወንድሜን አየሁት። ማበጠሪያ አንስቶ በውስጡ ፀጉር የቀረ ይመስል እፍ ይለው ጀመር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ዝናብ እንኳ እንዲነካኝ አይፈልግም፤ ጨዋታ ላይም እንዲሁ መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር። ወይም ማወቅ አልፈለግኩም።

ወታደሩ፣ ማለትም ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው፣ ጠረጴዛውን መታ። «እኛ የመጣነው ለመጫወት ነው። ይሄ ጠረጴዛ ለሁለት አስማተኛ አይበቃም። ተጋጠሙና የተሸነፈው ለሁልጊዜው ይውጣ።»

እሺ አልን። እኔ ከሥራና ከቤት ሌላ ያለኝ ያ ወንበር ብቻ ነበር።

በቀጣዩ እሁድ ተጋጠምን። በገደል ላይ የሌለ ድልድይ ዘረጋሁበት። ማጋለጫ የሚባለው ድግምት በእጁ እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዲት ቃል ተናግሮ ድልድዩን ሊያጠፋው ይችላል። በመስታወቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ አቀረቀረ።

«አመንኩ። እሻገራለሁ።»

አስማተኛው ገደል ገባ፤ ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። እሱ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጥገና ቤቱ ሄድኩ።

«ማጋለጫው ነበረህ።»

ከፈታታው ማራገቢያ ቀና አላለም። «ረሳሁት።»

«ውሸታም! ባለፈው ለአንዲት የውሸት ድመት ስታባክነው አልነበር?»

ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። «ያን ያህል መናገር አልነበረብኝም። ፊትሽን ሳየው አሳዘንሽኝ።»

«የሚያዝንልኝ ሰው ቤቴ ሞልቷል!» ጮህኩ። «ከምሩ የሚጣላኝ አንተ ብቻ ነበርክ። እሱንም ወሰድክብኝ!»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ያለ መስታወት። ከዚያ ብሎኖቹን በክንዱ ጠርጎ ወደ ዳር ገፋና ከኪሱ ዳይስ አወጣ።

«ተቀመጪ። በኋላ እንዳታለቅሺ።»

«አንተ እንዳታለቅስ።»

እንደዚያ ተጣልቼ አላውቅም። የሌለ ወንዝ አስዋኘሁት፣ የራሱን ጥላ አስደበደብኩት። ግንባሩ በላብ ራሰ። ግን የያዛትን ትንሽ ትንሽ ነገር ከየኪሱ እያወጣ፣ በማጋለጫ እያጠፋ፣ በመከላከያ እየመከተ ጨረሰኝ። በመጨረሻ አንዲት ተራ እሳት ወረወረ። እኔ መከላከያ የለኝም። ዳይሱ ተንከባለለና ሞትኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ይቅር—»

«ይቅርታ ብትለኝ በዚህ መዶሻ ነው የምልህ!»

እያለቀስኩ ነበር፤ እየሳቅኩም ነበር። ከእናቴ ሞት በኋላ እንደ ሙሉ ሰው የቆጠረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እዚያው፣ ከማራገቢያው ክንፎች መሀል፣ ወደድኩት።

«ወንበሩ ያንተ ነው» አልኩት። «እሁድ ባትሄድ ዓይንህን አላይም።»

ለወንድሜ ነገርኩት። «ሕጉን እንለውጠዋለና» አለ።

«ጋሼ፣ ሕጉን ብትነካው እንጣላለን።»

ጥርሱን ነከሰ።

እሁድ ቤት ቀረሁ። ግድግዳ እያየሁ ሳለ በር ተንኳኳ። ሁለገብ ነው፤ ጃኬቱን በክንዱ ይዟል።

«ወንድምሽ ገደለኝ።»

«ምን?»

«ገና ከመቀመጤ ኩሽና ውስጥ ዘንዶ ለቀቀብኝ። እሱን ስገድል ሌላ ዘንዶ ከቁም ሣጥን አወጣብኝ። ኩሽና ውስጥ ቁም ሣጥን ምን ይሠራል?»

በሩን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅኩ። «መከላከያህስ?»

«ነበረኝ። ትንሽ።»

«አየህ! በእሱ ብቻ በርትተህ ቢሆን ሁለተኛውንም ትመክተው ነበር።»

«በእሱ ብቻ በርትቼ የመጀመሪያውን በምን እገድለው ነበር?»

ደጃፉ ላይ የጀመርነው ጭቅጭቅ ክረምቱን ሙሉ ዘለቀ። መነጽር ቤቱ በር ላይ፣ ጥገና ቤቱ ውስጥ፣ መንገድ ላይ። አንድ ቀን ስለ እሳት ዘርፍ እያስረዳሁት መሀል ላይ፣

«አግቢኝ» አለ።

«ነገሬን አልጨረስኩም!»

«ጨርሺና አግቢኝ።»

እስካሁን አልጨረስኩም። አገባሁት ግን።