የሩጫው ጊደር

«እኔ ደግሞ ጊደር እሰጣለሁ!» የሚል ድምፅ በማጉያው ሲያስተጋባ፣ ሀስና አንድ እግሯን ወደ ኋላ አጥፋ ጡንቻዋን እያፍታታች ነበር። እግሯን በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሩጫው መጀመር የነበረበት ከሃያ ደቂቃ በፊት ነው። ከቆቦ በጎብዬ መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አስፋልቱ ላይ በኖራ ከተሰመረው መነሻ ጀርባ ሯጮቹ ተሰልፈው፣ አሟሙቀው፣ አሁን ደግሞ መቀዝቀዝ ጀምረዋል። ጣጣው የመጣው አስተባባሪው ለአንድ የእህል ነጋዴ «እስኪ ሁለት ቃል ይበሉን» ብሎ ማይኩን ያቀበለ ጊዜ ነው። ነጋዴው ሁለት ቃል በማለት ፋንታ፣ ከተዘጋጀው ሜዳሊያ በተጨማሪ ለወንዶቹ አሸናፊ ከኪሴ አምስት ሺህ ብር እሰጣለሁ አለ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ባለሱቅ ደግሞ ቆቦ ውስጥ የለም። አንዱ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት አለ። ሌላው የአንድ ወር ነጻ ባጃጅ አለ። አንድ ፀጉር አስተካካይ አሸናፊውን ዓመቱን ሙሉ በነጻ እንደሚቆርጥ ቃል ሲገባ፣ ያሸንፋል ተብሎ የሚጠበቀው ዋሲሁን የተላጨ ራሱን በእጁ ዳበሰ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ በማርያም! ልጆቼ ቀዘቀዙብኝ እኮ!» እያሉ የስፖርት አስተማሪው መምህር ገዛኸኝ የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ላይ ያሳያሉ። የሚሰማቸው አልተገኘም።

ጊደሯን የሰጡት የከብት ነጋዴው ጋሽ ካሳው ነበሩ። ማይኩን አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም። «እስካሁን የሰማሁት ሁሉ ለወንዶቹ ነው። ሴቶቹስ? እነሱ የሚሮጡት በሌላ እግር ነው? ለሴቶች አንደኛ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ቦቃ ያለባት ጊደር! ቆቦ፣ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ታስራለች። ማንም ትሁን ማን፣ ቀድማ የደረሰች ፈታ ትውሰዳት!»

ሀስና ልቧ ዘለለ። አባቷ ካሊድ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደራቸው የታወቀ ከብት አርቢ ነው። ከዓመታት በፊት የመጣ ድርቅ የራሱን ከብቶች ከፈጀበት ወዲህ ግን የሚይዘው የሰው ላሞችን በርቢ ነው። ላሟ የባለቤቷ ናት፤ ማብላት፣ ማጠጣትና መጠበቅ የእሱ ሥራ ነው። ወተቱን ቤተሰቡ ይጠጣል፤ ጥጃ ሲወለድ አንዱ ለባለቤቷ፣ የሚቀጥለው ለእሱ ይሆናል። ለእሱ የደረሱት ሁለት ጥጆች አንዱ ለእናቷ ሕክምና፣ ሌላው ለዘር መግዣ ሄደዋል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው «የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አባቷ ሁልጊዜ «የሰው ናት» ብሎ ይመልሳል። ሀስና ያንን መልስ አትወደውም።

«ዕቅዱ እንዳለ ነው አይደል?»

የጠየቀቻት አጠገቧ የቆመችው ቆንጅት ናት። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሰዋል። ዕቅዱን ያወጡት መምህር ገዛኸኝ ነበሩ። ቆንጅት ንፋሱን ከፊት እየተቀበለች እስከ ድልድዩ ትመራለች። ሀስና ከጀርባዋ ተጠልላ ጉልበቷን ትቆጥባለች። ድልድዩ ላይ ቆንጅት መንገድ ትለቅላታለች፤ የቀረውን አንድ ኪሎ ሜትር ሀስና ትፈተለካለች። አለዚያ የዋጃዋን ሳቢራ የሚያሸንፍ የለም፤ ባለፈው ዓመት ሁለቱንም አቧራዋን አጠጥታቸዋለች። ዕቅዱ ሲወጣ ሽልማቱ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ዋንጫ ነበር። የማንም ጊደር በጨዋታው ውስጥ አልነበረችም።

ሀስና ይህን በደንብ ታውቃለች። «አሁን ነገሩ ተቀይሯል፣ ሁለታችንም ለራሳችን እንሩጥ» ማለት እንዳለባትም አውቃለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አለች። «እንዳለ ነው።»

ቆንጅት ለአፍታ አየቻት። ከዚያ ራሷን ነቅንቃ ወደ ፊት ዞረች። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ።

ንፋሱ ከፊት ለፊት ነበር የሚመጣው። የማሽላውን ማሳ አልፎ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣና ፊት ላይ ይደፋዋል። ቆንጅት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ንፋሱን ትሰነጥቀዋለች። ሀስና ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ሆና የምታየው በቆንጅት ቲሸርት ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ ነው፦ 41። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቲሸርቱ በላብ ራሰ። አምስተኛው ላይ የቁጥሩ አንድ ጥግ ተላቆ ይውለበለብ ጀመር። ከኋላቸው የሳቢራ ትንፋሽ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ ይሰማል። ከመንገዱ ዳር የማሽላ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፋቸውን እያወዛወዙ «አብሽሩ! አብሽሩ!» ይሏቸዋል።

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆንጅት በግራ እግሯ ማነከስ ጀመረች። ሀስና «ይብቃሽ» ልትላት ፈለገች፤ ግን መናገር ትንፋሽ ይጨርሳል። ቆንጅትም ፍጥነቷን አልቀነሰችም።

ድልድዩ ሲደርሱ ቆንጅት ወደ ቀኝ ዘወር ብላ መንገዱን ከፈተች። ፊቷ በአቧራ ነጥቷል። ሀስና ስታልፋት ባለ በሌለ ድምፅዋ «ሂጂ! ጊደሯ ራባት!» ብላ ጮኸች።

ሀስና ሳቅ እያመለጣት ሮጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። የተቆጠበው ጉልበት ሁሉ እግሯ ላይ ወረደ። ሳቢራ ተከተለቻት፣ ደረሰችባት፣ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። የቆቦ ባጃጆች ከግራና ከቀኝ ጥሩምባቸውን ለቀቁት። አንዲት ሴትዮ የቲማቲም ቅርጫቷን ጥላ እልል አለች። ሀስና መጨረሻ ላይ ዓይኗን ጨፈነችና ሪባኑን በደረቷ በጠሰችው። ስትገልጠው ሳቢራ ከጎኗ ተዘርግታ እየሳቀች «ወላሂ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው?» ትላታለች።

ሽልማቱ ያለ ግርግር አላለፈም። ጊደሯ አንገቷ ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ታስሮላት ቆማ ነበር። ጋሽ ካሳው ማይኩን ይዘው «እነሆ!» ብለው ሲጮሁ ደነገጠችና አስተባባሪውን ከነገመዱ እየጎተተች በሜዳሊያው ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ዙር ወሰደችው። ሕዝቡ ከሩጫው ይልቅ ለዚህኛው አጨበጨበ። ያን ጊዜ ከሰው መካከል የሀስና አባት ወጣ። አልሮጠም፣ አልጮኸም፤ በጎን ጠጋ ብሎ «እሽሽ፣ እሽሽ» እያለ ጉሮሮዋ ሥር አከካት። ጊደሯ ጆሮዋን ጥላ ቆመች።

«ማሻ አላህ» አለ ካሊድ፤ ጥርሷን አየ፣ ጀርባዋን ዳበሰ። «ማሻ አላህ። የእኛ ናት?»

«የእኛ ናት፣ አባ» አለችው ሀስና። አባቷ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዓመታት አልፈዋል፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ማይኩ የአንደኛን፣ የሁለተኛንና የሦስተኛን ስም ጠራ። መምህር ገዛኸኝ ዋንጫውን ታቅፈው ፎቶ ተነሡ። ስድስተኛ ሆና የገባችውን የቆንጅትን ስም የጠራ ግን አልነበረም። እሷ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ታይ ነበር። የሀስናን ዓይን ስታገኝ ሁለት ጣቶቿን እንደ ቀንድ ራሷ ላይ አቁማ «እምቧ!» አለቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ጊደሯን እየሳበ ከፊት ይሄዳል። ሁለቱ ልጆች ከኋላ ይከተላሉ፤ ቆንጅት እስከ መንደሩ ልሸኛችሁ ብላ ነው የመጣችው። መንገደኛው ሁሉ «ካሊድ፣ የማን ናት?» ይላል። አባቷም ለእያንዳንዱ ቆሞ «የልጄ ናት! ሮጣ ያመጣቻት!» እያለ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተርካል።

«እግርሽን ያምሻል?» አለች ሀስና።

«ውሃ ቋጥሯል። አብሽሪ፣ አልሞትም።»

ትንሽ ተራመዱ። ሀስና መሬት መሬት እያየች «ቆንጅት፣ ጊደር ሲባል ዕቅዱን እንተወው ማለት ነበረብኝ። ስትጠይቂኝ ግን አዎ አልኩሽ» አለች።

«አውቃለሁ። ፊትሽን አይቼዋለሁ እኮ። አፍሽ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር።»

«ሙድ አትያዢብኝ።»

«ሙድ አይደለም። ወላሂ ተናድጄብሽ ነበር። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ‹ምን አስለፋኝ?› ብዬ ልተወው ነበር። ከዚያ የሳቢራን ትንፋሽ ሰማሁና፣ ለእሷም ላስረክባት አልፈለግኩም።» ቆንጅት ሳቀች። «ደግሞ ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ግማሿን ውሰጂ።»

«የትኛውን ግማሽ? የቀንዱን ወይስ የጭራውን?»

«የምሬን ነው!»

የቆንጅት ሳቅ ቆመ። «ተይ ሀስና። ሰው ‹አዝናላት ሰጠቻት› እንዲል አልፈልግም፣ ሼም ነው። ደግሞ የት ላስራት? እማዬ አልጋ ሥር?» ቆንጅትና እናቷ ገበያው አጠገብ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት።

ሀስና አባቷን አየችው። ገመዱን ላላ አድርጎ ይዞ፣ ጊደሯን እንደ ሰው እያወራት ይሄዳል። ይህ ሰው ስንት ዓመት የሰው ላም ይዟል! ታዲያ ማንም አዝኖለት አያውቅም። የላሟ ባለቤት ስትመጣ «እንዴት ዋለች?» ትለዋለች፣ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ይመልሳል። ማንም ለማንም የለገሰው ነገር የለም፤ ሁለቱም የሚገባቸውን ይይዛሉ። ሀስና ይህን ስታስብ እርምጃዋን አፈጠነች፤ ወዲያው ደግሞ የአባቷ «የልጄ ናት!» ጆሮዋ ላይ አቃጨለና መልሳ ቀነሰችው።

ከውሃ ቦኖው አጠገብ አንዲት ጎረቤት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «ኧረግ! ካሊድ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

አባቷ ታሪኩን ሊጀምር አፉን ከፈተ።

«የቆንጅት ናት» አለች ሀስና ቀድማ። «እኛ በርቢ ይዘናት ነው።»

ጊደሯ የቦኖውን ውሃ እያሸተተች ታላምጣለች። አባቷ ዞሮ መጀመሪያ ሀስናን፣ ከዚያ የቆንጅትን አቧራ የለበሰ ፊትና የሚያነክስ እግር አየ። ሩጫውን ከመነሻው ጀምሮ በባጃጅ እየተከተለ አይቷል፤ ድልድዩ ላይ መንገድ የለቀቀችው ማን እንደሆነች መንገር አላስፈለገውም።

«ሃያ ዓመት ከብት ሳረባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሮጦ አሸንፎ በርቢ የያዘ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም።» ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ጎረቤቲቱም ነገሩ ሳይገባቸው አብረውት ሳቁ።

«ሀስና፣ አታካብጂ...» ብላ ቆንጅት ጀመረች።

«አንቺ ዝም በይ» አላት ካሊድ። «ባለቤት ከመናገሩ በፊት ሕጉን ይሰማል። የመጀመሪያው ጥጃ ያንቺ ነው። ሁለተኛው የእኛ ነው፤ የራሳችን። አገዳውና ውሃው በእኔ፣ ወተቱም የእኔ። ምስክር ይኸው ቆመዋል።» ጎረቤቲቱን በአገጩ አመለከተ።

የቆንጅት ዓይን ከጊደሯ ወደ ሀስና፣ ከሀስና ወደ ጊደሯ ተመላለሰ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ ስንመለስ አንድ ኩባያ ወተት እጠጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እንዲህ ያለ ነገር ርቢ ውስጥ የለም!» አለ ካሊድ።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ እንግዲህ።»

ካሊድ «አይ የዘንድሮ ልጆች!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሀስና ገመዱን ከአባቷ እጅ ተቀብላ ለቆንጅት አስጨበጠቻት። ርቢ የሚጸናው ባለቤቱ በራሱ እጅ ገመዱን ሲሰጥ ነው፤ ይህን በመንደሩ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ቆንጅት ገመዱን ይዛ የጊደሯን ቦቃ አንድ ጊዜ ዳበሰች። ከዚያ ለካሊድ ዘረጋችለት፤ እሱም ለትልቅ ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።