ከቀለም ስር የቀረ ጣት

ሰውዬው ሦስት ደቂቃ ዘገየ።

ሴትየዋ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫውን መደርደሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ዞረች። ብሎን። ሚስማር። መፍቻ። ሦስት ደቂቃ ማለት አውቶቡሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ተይዞ፣ ተናግሮ፣ አሁን ወደዚህ እየመጡ ሊሆንም ይችላል። እሷ ሁልጊዜ የምታምነው ሁለተኛውን ነው። አሥራ አራት ወር በሕይወት ያቆያትም ይኸው ነው።

በእጇ መዳፍ የምታህል የስቴንለስ ቁራጭ ይዛለች። የናሙና ቁራጭ ናት፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ እንዳይጫር የሚለጠፍበት ሰማያዊ ላስቲክ አልተላጠም። ከላስቲኩ ስር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የአንድ ሳጥን ሥዕልና ልኩ።

«ይሄ ዝገት አይነካውም?» አለ ከጀርባዋ የመጣ ድምፅ።

«ካልነኩት አይነካም» አለች።

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። ሰውዬው «አጎት» ነው፤ እሷ ደግሞ «ዝገት»። ስሙን የሚሰልሉለት መሥሪያ ቤት ነው ያወጣላት፤ ሳይታይ ቀስ ብሎ የሚበላ ለማለት። ከመሥሪያ ቤቱ ፊቷን የሚያውቀው አጎት ብቻ ነው። ወረቀቷን የሚቀበለውም፣ ስለ ልጇ የሚነግራትም እሱ ብቻ።

ቁራጯን አገላብጦ አየና ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት። እህትሽ ይዛታለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል።»

«የትኛው?»

«እኔ ምን አውቄ። ጥርስ ጥርስ ነው።»

«ሳሏስ? የለቀቃት መስሎ የሚመለስ ሳል ነው እኮ። ማታ ማታ ደረቷን ካላሞቋት…»

«አንቺ ደግሞ ሳይታመሙ የምታስታምሚ ሴት ነሽ» አለ አጎት። «ስድስቱ ሳጥኖች ይውጡ እንጂ ትሄጃለሽ። ዝናቡ ሳይገባ ልጅሽን ታቅፊያለሽ። ቃሌ ነው።»

ወጣ። እሷ አንድ ጥቅል የብርጭቆ ወረቀት ገዝታ ሌላ አሥር ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ የተከተላት ሰው አልነበረም። እሱም አላስደሰታት።

* * *

ሽፋኗ ቀላል ነበር። በላሜራ ቤት ቀለም ቀቢ። ሥራዋም መሸፈን ነው።

ቤቱ በትእዛዝ ነው የሚሠራው። ለአንዱ የማሽን በር፣ ለሌላው የአየር ማውጫ፣ ለሦስተኛው መደርደሪያ። ቆራጩ ላሜራውን ይቆርጣል፤ አጣፊው ያጥፋል፤ በያጁ ይበይዳል። መጨረሻ ላይ ሁሉም እሷ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ስለታም ጠርዙን በሞረድ ትገድላለች፣ በቲነር ትወለውላለች፣ ዱቄት ቀለም ትነፋበታለች፣ ምድጃ ውስጥ ታስገባለች። ዱቄቱ ቀልጦ እንደ ቆዳ ይለብሰዋል።

ሥራውን ያስተማራት አጣፊው ነው። ዓለምን ሁሉ በማዕዘን ስለሚለካ «ጋሼ ማዕዘን» ይሉታል። የመጀመሪያ ቀን ጓንት ሰጥቷት እንዲህ አላት፦

«እቴ፣ ባዶውን ብረት በእጅሽ እንዳትነኪ። ዘይት ያለበት ጣት ከሆነ ምድጃው ውስጥ ወዲያው ያጋልጥሻል፤ ቀለሙ ይቦረቦራል። ላብ ግን ተንኮለኛ ነው። ዝም ይላል። ጨው ነዋ። ዝናብ ሲመታው ከስር ይዝግና የጣትሽን መስመር አንድ በአንድ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ደንበኛው ጣትሽን ይዞ ይመጣል።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይለዋል። «እጅሽን!» ይላታል በሩቁ። ምሳውን ሲበላ ከዳቦው ግማሹን ሳይጠይቅ ጠረጴዛዋ ላይ ያኖራል። ስለ ቤተሰቧ ጠይቋት አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ የትንሽ ልጅ ጫማ የሚያክል ቁራጭ ላሜራ ይዛ ቆማ ሲያገኛት «ስንት ዓመቷ ነው?» አለ። አልመለሰችለትም። አልደገመም።

ስድስቱን ሳጥኖች ያዘዘው ሰው ጓንቱን አያወልቅም። ባለ ጓንቱ አሉት። ባለቤቱ አሉሚኒየም ይቀላል፣ ስቴንለስ አይዝግም እያለ ሊሸጥለት ሞክሮ ነበር።

«ተራ ብረት» አለ ባለ ጓንቱ። «ሁለት ሚሊ። ግራጫ። መንገድ ዳር የስልክ ምሰሶ ላይ ካሉት ሳጥኖች የማይለይ።»

ውስጡ የሚገባውን መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ጆሮ ነው። የሰፈሩን ሁሉ ስልክ የሚሰማ ጆሮ። ከተማው ውስጥ አራት ሺህ ግራጫ ሳጥን አለ። ስድስቱ አንዴ ከተሰቀሉ ማን ይለያቸዋል?

ሥዕሉን ባለ ጓንቱ ለጋሼ ብቻ አሳይቶ መልሶ ወሰደው። ስለዚህ ሰዎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ተቆርጦ ወለሉ ላይ የተኛውን ላሜራ በሜትር ለካችው። ወርዱ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ሚሊ። ግራና ቀኙ ስልሳ ስልሳ ሆኖ እንደሚታጠፍ ሰምታለች። ቀነሰች። የሳጥኑ ስፋት መቶ ዘጠና ሦስት።

ያን ጊዜ ጋሼ ጨው ረስቶ ተመልሶ ነበር። ተንበርክካ አያት። ቁልፍ ወድቆብኝ ነው አለችው። እሱም አብሯት ፈለገ።

* * *

ወረቀቱን ለአጎት በሰጠች በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ባለ ጓንቱ ሳይጠበቅ መጣ። ስድስቱ ሳጥኖች ተበይደው ራቁታቸውን እሷ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል።

«አበላሽታችሁብኛል» አለ። «ያዘዝኩት ሁለት መቶ ነው። እናንተ መቶ ዘጠና ሦስት ነው የሠራችሁት። ዕቃዬ አይገባም።»

«ማን ለካልህ?» አለ ጋሼ።

«አልተለካም። ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያው ጆሮህን አስለካው።»

በያጁ ሳቀ። ጋሼ ሜትሩን ሳጥኑ ላይ ዘረጋ።

«ሁለት መቶ። ዓይንህ እያየ። እዚህ ቤት መቶ ዘጠና ሦስት የሚባል ነገር የለም።»

ባለ ጓንቱ ሳጥኑን አየ። ንዴቱ ከፊቱ ጠፋ። በቦታው ሌላ ነገር መጣ።

«ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ?» አለ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ስለ ሥራው ሲጠየቅ መቼም ዝም ማለት አይችልም።

«ላሜራ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ ይለጠጣል፤ ስለዚህ አጥሮ ነው የሚቆረጠው። ታጥፎ ሦስት መቶ ሃያ የሚሆነውን ሦስት መቶ አሥራ ሦስት እንቆርጠዋለን። ሰባቷን ሚሊ ማጠፊያው ራሱ ይሰጠናል። ከተቆረጠው ላይ ስልሳና ስልሳ የቀነሰ ሰው መቶ ዘጠና ሦስት ያገኛል። ማጠፍ የማያውቅ ሰው ሂሳብ ነው።»

ማጠፍ የማያውቅ ሰው።

ጨርቁ እጇ ላይ ቆመ።

ያ ቁጥር ስህተት ነበር። የእሷ ስህተት። በዓለም ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ጭንቅላቷ ውስጥ።

ሌላው ከሰማያዊው ላስቲክ ስር።

አጎት።

ስሟን ገና አልሸጠም። ቢሸጥ ኖሮ ባለ ጓንቱ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። ወተቷን እየሸጠ ላሚቱን ደብቋል። ግን የእህቷን ቤት ያውቃል። የልጇን ጥርስ ያውቃል።

«እዚህ ቤት ማጠፍ የማያውቅ ማነው?» አለ ባለ ጓንቱ።

ዓይኑ ከቆራጩ ወደ በያጁ ሄደ። ከበያጁ ወደ እሷ።

ቆመ።

ጋሼም አያት። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያገኛትን ቀን ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አነበበችው። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። ምን ዕዳ አለበት?

«እኔ ነኛ» አለ ጋሼ።

«አንተ?»

«መጀመሪያ ቀን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፌው ነበር። ማጠፊያውን ሳልቆጥር። ኋላ አጠፋሁት። ያየ ሰው አውርቶት ይሆናል።»

«ስንት ዓመት አጥፈሃል?»

«አርባ።»

«አርባ ዓመት አጥፈህ ትሳሳታለህ?»

«ሰባ ዓመት የተራመደም ይደናቀፋል ጌታው።»

ባለ ጓንቱ ፈገግ አለ። «እንግዲያው አብረን እንሂድ። ዕቃው ይገባ እንደሆነ አንተው ትለካልኛለህ። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ሳጥኖቹን ይወስዳል። ተቀብተው ይጠብቁ።»

ጋሼ ሽርጡን ፈታ፤ አጣጥፎ ማሽኑ ላይ አኖረው። በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ።

«እቴ፣ ባዶውን ብረት በእጅሽ እንዳትነኪ።»

በየቀኑ የሚለው ነው። ዛሬ ግን አልሳቀበትም።

* * *

ሁለት ሰዓት ቀርቷታል።

ብትሮጥ አጎት ዛሬውኑ ያውቃል። ከእሷ በፊት እህቷ ቤት ይደርሳል። ባትሮጥ ስድስቱ ጆሮዎች ከአራት ሺህ መሃል ይጠፋሉ፤ ጋሼም በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ሁሉንም መጥፎ ነገር አንድ በአንድ አሰበችው። ከሁሉም የሚሻለው መጥፎ አንድ ብቻ ነበር።

ጓንቷን አወለቀች።

ግንባሯ ላይ ላብ ነበረ። አውራ ጣቷን አስነካችው። የመጀመሪያው ሳጥን፣ ከታች በግራ ማዕዘን፣ ከሁለት እስትንፋስ በላይ ተጫነችው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ጣቷ የራሷ ነው፤ የሚለወጥ ስም አይደለም። ይህን እያወቀች ስድስተኛውን ጨረሰች። ሰባተኛውን በአንዲት የናሙና ቁራጭ ላይ አደረገችው።

ዱቄቱን ነፋች። ምድጃውን ዘጋች። ጠበቀች።

ሲወጡ ግራጫ ነበሩ። ለስላሳ። ምንም አይታይም።

አሥር ሰዓት ላይ ሹፌሩ መጣ። እያንዳንዱን ሳጥን ወደ መስኮቱ እያዞረ አየ። አራተኛው ላይ ቆመና መዳፉን በጎኑ አስኬደ። ወደ ታች። ወደ ግራ።

ጨርቋን አንሥታ ጠረጴዛዋን መወልወል ጀመረች።

«ጥሩ እጅ አለሽ» አለ።

መኪናው ሄደ።

ስልጠና ላይ በቃል ያጠናችው አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር፤ «ቤቱ ሲቃጠል ብቻ» ተብሏል። የናሙና ቁራጯን ፖስታ ውስጥ ከትታ ወደዚያ ቁጥር ላከች። ከእሷ ጋር ሦስት መስመር፦ «ከዝናብ በኋላ የግራጫ ሳጥኖችን የታች ግራ ማዕዘን እዩ። አጎት በስብሷል። ልጄን ቶሎ አንሱልኝ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አጎት እዚያው የብረታ ብረት መሸጫ መደርደሪያ ሥር ነበር።

«መቶ ዘጠና ሦስት እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«ተሳስቼ ነበር። ሁለት መቶ ነው። ቀቢ ነኝ እኔ፤ ስለ ማጠፍ ምን አውቃለሁ።»

ትከሻው ሲላላ አየችው።

«የላይኛው ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ጥርሷ። ትላንት ራሴ ሄጄ አየሁልሽ።»

እዚያ ቤት ሄዶ ነበር ማለት ነው። ልጇ ፊት ቆሞ ነበር። እሷም ፈገግ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር አንሥታ አታውቅም።

* * *

ዝናቡ ገባ።

መስኮቱ ወደ ግድግዳ የሚከፈት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አይታት የማታውቅ የመሥሪያ ቤቱ ሴት ከፊቷ ተቀምጣለች።

«አምስቱን አገኘናቸው። ጣትሽ እንደ ማኅተም ወጥቷል። ስድስተኛውን እነሱ ቀድመውን አወረዱት።»

«የወረደ ጆሮ አይሰማም።»

«አይሰማም። ሥራው አልቋል። አጎትም ተይዟል። ግን አውራ ጣትሽ አሁን እነሱ ጋም አለ።»

«ጋሼስ?»

«በሦስተኛው ቀን ለቀቁት። ምንም አልተናገረም።» ሴትየዋ ወረቀቷን አየች። «ቀኝ እጁ ግን አይታጠፍም።»

ሴትየዋ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች።

«ልጅሽንና እህትሽን ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን አንሥተናቸዋል። ደህና ናቸው።»

«የት?»

«አንቺን ካገኙ እነሱን ያገኛሉ። የማታውቂውን አትናገሪም።»

ይህን ጠብቃው ነበር። ሁልጊዜ የምትጠብቀው መጥፎ ነገር እንደ ጠበቀችው ሲመጣ የሚቀል ይመስላት ነበር። አይቀልም።

ከቦርሳዋ ትንሽ የተማሪ እርሳስ መያዣ ሳጥን አወጣች። በተረፈ ላሜራ ራሷ ያጠፈችው ነው፤ ማዕዘኑ ትንሽ ጎብጧል። ቀይ ቀለም ቀብታዋለች።

«ይሄን ስጧት።»

ሴትየዋ ከፈተችው። ገለበጠችው። ክዳኑን አንኳኳች። ባዶ ነው።

«መልእክት አይፈቀድም።»

«መልእክት የለውም።»

«ማን ላከልሽ ልበላት?»

«ምንም አትበያት። የክዳኑን ውስጥ ውሃ እንዳታስነካው ብቻ ንገሪያት። አደራ። ደጋግመሽ ከልክያት።»

«ለምን?»

«ሰባት ዓመቷ ነው» አለች። «የከለከሏትን ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ሴትየዋ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ሳጥኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

* * *

በሌላ ከተማ፣ በሌላ ላሜራ ቤት፣ አዲስ ቀቢ ገብታለች። ዝም ያለች ሴት ናት። ስሟን ነግራቸዋለች፤ ማንም በደንብ አልያዘውም። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታው እጇን ከሥራዋ ታነሣለች፤ የሚያያት ሰው ምድጃው እስኪሞቅ የምትጠብቅ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ጓንቷን ታጠልቅና ባዶውን ብረት ትወለውላለች፤ የማንም ጣት እስከማይቀርበት ድረስ።