ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት

«ቁጥር ዘጠኝ፤ ሲተኙ ያንኮራፋሉ?»

«አይ በይ» አለ አባቷ፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አባዬ፣ ኧረ በፈጠረህ! ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ!»

«እነሱ ድሮም ነገር ይፈልጋሉ። አይ ብለሽ እለፊ።»

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በየሁለት ዓመቱ የጤና ቅጽ ይሞላል፤ ይሞላል ማለት እሷ ትሞላለታለች። ጽሑፏ ያምራል ተብላ የቤቱ ጸሐፊ ከሆነች ቆይታለች። እሱ ደግሞ መላ የሌለው አመል አለው፤ ገና ጥያቄው ሳይነበብ መጀመሪያ ከታች ይፈርምና «በይ ሙዪው» ብሎ ይጋደማል።

ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ አስተማሪዋ ስለ እንቅልፍ ሲያስረዱ ክፍሉ በሙሉ ያዛጋ ነበር፤ እሷ ግን አፏን ከፍታ ነው የሰማችው። አንዳንድ ሰው ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ ሰውየው ግን መንቃቱን እንኳ አያውቅም። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም ያድራል። ጠዋት ሲነሣ ስምንት ሰዓት ሙሉ የተኛ ይመስለዋል፤ ቀኑን ግን ሲያንቀላፋ ይውላል። ቤት ገብታ ይህን ሁሉ ብትነግረው «ዶክተሯ መጣች!» ብሎ ሳቀባት።

«ሕክምና እኮ አለው» አለች አሁን።

«እስክታከም መሪውን ልቀቅ ሊሉኝ ነዋ! ጋራዥ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዝንብ ልቁጠር? ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ መኪና ጭሬ አላውቅም!»

ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእሱ አውቶቡስ ነበር የመጣችው፤ ልክ ከኋላው ተቀምጣ። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም። የኋላ መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። ትከሻውን ስትነካው ብንን ብሎ «ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት» አላት። በአውቶቡሱ ውስጥ መቆሚያ እንኳ አልነበረም።

«ቁጥር አሥር» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ቀን ላይ ሳያስቡት እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

ከቅጹ ቀና አለች።

«አባዬ?»

በጠራራ ፀሐይ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ማንኮራፋቱ ክፍሉን ሞላው፤ ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። ደረቱ እንደ መነሣት ሲል ተመልሶ ይቆማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሃያ አራት ላይ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ዓይኑን ገለጠ።

«እ? ምን አልሽ?»

«ተኝተሃል!»

«ማ? እኔ? ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት። አይ በይ» አለና መልሶ ጨፈነ።

እስክሪብቶዋን አነሣች። ዘጠኝ፤ «አዎ» ላይ ምልክት አደረገች። አሥር፤ «አዎ»። ፊርማው እንደሆነ ከታች ተቀምጧል። ፖስታው አጠገቧ ነው፤ አጥፋ ብታሽገው ሰኞ ሳያነበው ይዞት ይሄዳል። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው።

ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት፤ መነጽሩን ከላዩ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እስኪነቃ መቁጠር ጀመረች።