እቶን ያልገባው ሳህን

የፑዌብላ ከተማ ደወሎች ለጠዋት ቅዳሴ ሲደወሉ ማኤስትሮ ፌርሚን፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቅብ ቤቱ ውስጥ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የፈነከተው የቀለም ዘነዘና አጠገቡ ወድቋል።

መርማሪው ዶን ሌአንድሮ ሲደርስ ሠዓሊው ሲፕሪያኖ ታስሮ ጠበቀው። ጥቁር እናት ስለወለደችው፣ የጌታውን ሳህኖች ሃያ ዓመት በሰማያዊ ቢያስጌጥም የማኤስትሮነት፣ ማለትም የሙያ ጌታነት፣ ወረቀት ተነፍጓል። ድሃ ቂም አለው ከተባለ መቼም ማስረጃ አያሻውም።

«ሰቅላችሁ ገላግሉን» አለ ዶን ባልታሳር፣ የሙያ ማኅበሩ ተቆጣጣሪ። የሰውን ሥራ መዝኖ የሚያሳልፈውም የሚጥለውም እሱ ነው።

«እርስዎ ወደዚህ ቤት ገብተው ነበር?»

«እኔ? ከደጅ አላለፍኩም!»

መርማሪው መደርደሪያውን አየ። ለጳጳሱ ግብር የታዘዙ ሰፋፊ የማቅረቢያ ሳህኖች ነጭ ቅብ ተቀብተው እሳት ይጠብቃሉ። ዘነዘናው ከሚቀመጥበት ፊት የነበረው አንዱ ግን መሬት ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ ቅቡ ተነሥቶ ቀዩ ሸክላ ይታያል።

«ትናንት እንደ እንቁላል ልሙጥ ነበር» አለች የሟች ሚስት ዶኛ ኡርሱላ። «ባሌ ሰሞኑን ‹ያን ጥጋበኛ አዋርደዋለሁ› ይል ነበር። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ሲፕሪያኖን ፍቱት። ሦስታችሁም አንዳንድ ሳህን አምጡልኝ።»

ኡርሱላ መዳፏን ከሥር አስገብታ አነሣች። ሲፕሪያኖም እንደዚያው። ባልታሳር ግን ምሳውን እንደሚያቀርብ ሰው ጠርዙን በሁለት አውራ ጣቶቹ ጨመደደው።

«ኧረ ጠርዙን አይንኩ ጌታዬ!» ሲፕሪያኖ የሚጠብቀውን የስቅላት ገመድ ረስቶ ጮኸ።

ዶን ሌአንድሮ መሬት ላይ የነበረውንና ባልታሳር ያመጣውን ሳህን ጎን ለጎን አደረገ። አንድ ዓይነት የመፋቅ ምልክት ነው።

«እሳት ያላየ ቅብ ዱቄት ነው። በሸክላ መካከል የኖረ ሰው እጁ ሳያስበው ከሥር ያነሣዋል። ገዳዩ ዘነዘናውን ለማግኘት ይህን ሳህን ከፊቱ ሲያነሣ ሙያውን እንደማያውቅ ነገረን። እግርዎ ከደጅ ባያልፍ አውራ ጣትዎ አልፏል! ለመሆኑ ማኤስትሮ ለመባል የተፈተኑበትን ሳህን ማን ሠራልዎ?»

ባልታሳር ነጭ ዱቄት የለበሱ ጣቶቹን አየ። «ፌርሚን ነው። ለማኅበሩ እናገራለሁ አለኝ።»

ወሰዱት።

«ወረቀቴስ ጌታዬ?» አለ ሲፕሪያኖ።

«ነፍስህን አተረፍኩ። ሕጉን ግን እኔ አላወጣሁትም።»

ሲፕሪያኖ የተፋቀውን ሳህን ገለበጠና፣ ማኤስትሮ ብቻ ምልክቱን በሚያኖርበት ቦታ ላይ ስሙን በሰማያዊ ጻፈ። ጥሬ ቅብ የጠጣው ቀለም እሳት ካየ በኋላ አይፋቅም። ከዚያ መዳፉን ከሥር አስገብቶ ወደ እቶኑ ይዞት ሄደ።