በእጥፍ ያደገው ዕጢ

የሕመምተኞችን የውስጥ አካል ምስል የሚያነበው ሐኪም በሥራ ክፍሉ በደረቱ ተደፍቷል። የራስ ቅሉን ያደቀቀው የእሳት ማጥፊያ አጠገቡ ወድቋል፤ ደሙ ጣሪያ ድረስ ተረጭቷል። ኮምፒውተሩ ግን ሰው መሞቱን የሰማ አይመስልም፤ የአንድ ሽማግሌን የሽንት ፊኛ፣ ካንሰሩን በቀይ ከብቦ ያሳያል። ከሥሩ «ዕጢው በእጥፍ አድጓል» ይላል።

መርማሪዋ ጉልበቷን ስለሚያማት ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ የሚቆረቁረው የሚዋሸውን ነው።

መጀመሪያ የተያዘው የሽማግሌው ልጅ ነበር። ሟቹን ትናንት ሲያንቀው ሰው ሁሉ አይቷል።

«አንቄዋለሁ፣ እትዬ። የአባቴን ፊኛ ቆርጠው ሊያወጡት ነው፤ አሁን እያዘጋጁት ነው። መግደሉን ግን አልገደልኩም።»

ቀዶ ሐኪሙ፣ የኮምፒውተሩ ልኬት ዕጢው ለመድኃኒት አለመበገሩን ስላሳየው ፊኛውን ለማውጣት እንደወሰነ ነገራት። ምስል የሚያነሳውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ደግሞ ወረፋ በመጨረስ የተመሰገነ ስለሆነ «ጥይቱ» ይሉታል። እሱም ሽማግሌውን እንደ ደንቡ ውሃ አጠጥቶ፣ ሽንታቸው እስኪወጥራቸው ጠብቆ እንዳነሳቸው ማለላት።

መርማሪዋ ሽማግሌውን አልጋቸው ድረስ ሄዳ አጫወተቻቸው፤ ስትመለስ ማሽኑ ክፍል ጎራ አለች። ከዚያ ልጁን፣ ቀዶ ሐኪሙንና ጥይቱን ሰበሰበቻቸው።

«ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ የተነሱትን የአባባን ሁለት ምስሎች እዩ። የድሮው ፊኛ እንደ ኳስ ተነፍቷል፤ የአሁኑ እንደ ባዶ ስልቻ ተጨማዷል። ዶክተር፣ ባዶ ሲሆን ምን ይሆናል?»

«ግድግዳው ይታጠፋል፣ ይወፍራል።» ቀዶ ሐኪሙ ወደ ምስሉ ተጠጋ። «ኮምፒውተሩ እጥፋቱንም ዕጢ ብሎ ለክቶታል።»

«አባባ ውሃ አልቀመሱም። እንዲያውም ‹ሸንተው ይግቡ፣ ቶሎ እንጨርስ› ተብለዋል። ሟቹ ይሄ ገባው። ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው፣ ትናንት አንተ ያነሳሃቸውን የሌሎች ሕመምተኞች ምስሎች አንድ በአንድ ሲከፍት ነበር፣ ጥይቱ። የእነሱም ፊኛ ባዶ ነው፤ ሊያጋልጥህ ነበር።»

«ዋሸሁ እንበል። የዋሸ ሁሉ ገደለ?»

«አልገደለም። ግን ጣሪያ የነካ ደም ገዳዩን አይምርም። ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ ለብሰህ ነው የገባኸው። ማታ ቁልፉ አንተ ጋ ብቻ በሚያድረው የማሽኑ ክፍል ከተሰቀሉት አንዱ ታጥቦ አልደረቀም፤ ስፌቱ ውስጥ ደም ቀርቷል።»

ጥይቱ ወንበር አንስቶ ሰነዘረባት። ልጁ በካቴና በታሰሩ እጆቹ ፊቱን አለው፤ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ደገመው። መርማሪዋ ለመገላገል አልተቻኮለችም፤ ጉልበቷን አሟት ይሆናል።

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ደወለ። «ሽማግሌውን እንዳትነኩ» አለ። ልጁ ካቴናው እስኪፈታለት አልጠበቀም፤ ወደ አባቱ ሮጠ።

ቀዶ ሐኪሙ ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

«የሌሎቹን ፊኛ» አለ፣ ማንንም ሳያይ፣ «የሁሉንም እኔ ነኝ ያወጣሁት።»