አራስ አትወጣም

የአጥሚቱ ኩባያ ከእናቷ እጅ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ሲደፋ ፀዳለ መጀመሪያ ያዘነችው ለምንጣፉ ነበር። ቀና ስትል ግን የእናቷ አፍ ባንድ በኩል ወርዷል፤ ቀኝ እጇም ጭኗ ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል።

«እማዬ?»

እናቷ ወርቅዬ መለሰች፤ የመለሰችው ግን ቃል አልነበረም።

ጎረቤታቸው እትዬ ጠጅቱ ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ ከአራሷ አልተለዩም። ጌጃ ሰፈር ውስጥ እሳቸው ያላረሷት እናት የለችም።

«ምች ነው» አሉ። «ትናንት ራሴን ስትል በሩን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ዳማከሴ ቀንጥሰሽ አምጪ፣ ጨምቄ ላጠጣት።»

ፀዳለ ወደ ጓሮ ወጣች። አባቷ ፍሰሐ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ናፍቆት ለምዳለች፤ አሁን ግን እዚያው አልጋ ላይ ያለች እናቷ ናፈቀቻት። ጠዋት «አንቺ ሰነፍ» ብሎ የተቆጣት ድምፅ እንኳ ናፈቃት።

ምችን ታውቀዋለች። አምና እሷንም መቷት ከንፈሯ ቆስሎ ነበር፤ ኩባያ መያዝ ግን አላቃታትም። ቅጠሉን ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ፣ ምች እጅ ይይዛል እንዴ? ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ? አራስ አትወጣም፣ ልጄ። ፀሐይ መቷት ቢብስባት አባትሽን ምን ልንለው ነው?»

ፀዳለ ፈራች። ቢብስባት ያወጣቻት እሷ ናት። ቢሆንም ቅጠሉን አስቀምጣ ጋቢውን አወረደች።

«ሳንወስዳት ብትሞትስ ምን ልንለው ነው?»

እትዬ ጠጅቱ ክፉ እንዳይቀርባት ከትራሷ ሥር ያኖሩትን ትንሽ ቢላ አወጡና እያጉረመረሙ ጋቢው ውስጥ ሸጎጡት። «በይ፣ ታክሲ ጥሪ። ብረቱም አብሯት ይሂድ።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለክተው፣ የራሷንም ምስል አስነስተው አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ምች አይደለም። ወደ አንጎሏ ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቷል። በእርግዝናና በወሊድ ሰሞን ግፊት ሲጨምር እንዲህ ያለው ይመጣል፤ የትናንቱም ራስ ምታት ምልክት ነበር። ቶሎ ማምጣታችሁ በጀ። ንግግሯ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው፤ ምን ያህሉ እንደሚመለስ አሁን አላውቅም።»

ከሳምንት በኋላ እትዬ ጠጅቱ ሕፃኗን ሐኪም ቤት አምጥተው እናቷ ደረት ላይ አስጠጓት። የወርቅዬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«የ... የኔ...»

«የኔ ዓለም?» አሉ እትዬ ጠጅቱ። «የኔ እመቤት?»

ፀዳለ ቃሉን ታውቀዋለች፤ እሷም ስትቆላመጥበት ያደገችው ነው። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይተዉአት፣ እትዬ» አለች በቀስታ። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ የእናቷን አፍ እያየች መጠበቅ ጀመረች።